የማርጌት ትናንሽ አውሮፕላኖች

በዛሬው ዓምዳችን ከወጥ ቤትና ከልብስ ስፌት ነገር ለጊዜው ፈቀቅ ብለን ወደ አንዲት የእንግሊዝ አገር የባሕር ጠረፍ ከተማ ልንወስዳችሁ ነው። ከተማይቱ ማርጌት ትባላለች። የምንወስዳችሁ ግን ለዋና አይደለም። ኤርፊክስ የተባለው የታወቀ ስም ለሚመጣው ዓመት ምን ምን አውሮፕላን እንደሚያወጣ የሚታቀደው እዚያ በመሆኑ ነው። የኤርፊክስ አውሮፕላን ማለት የእውነተኛው ልክ ተጠብቆ አንሶ፣ በፕላስቲክ ቁርጥራጭ ተከፋፍሎ፣ በሣጥን ታሽጎ የሚሸጥ፣ ልጅም ሆነ አባት እቤቱ ቁጭ ብሎ በማጣበቂያ የሚገጣጥመው ነው።

“የአሻንጉሊት ነገር ለእኛ ምናችን ነው?” የምትሉ አትጠፉም። ቆየት በሉን። ገንዘቡን ከቦርሳዋ አውጥታ የምትከፍለው እናት ናት። ጠረጴዛው ላይ የደረቀውን ማጣበቂያ የምትፍቀውም እርሷው ናት። ከዚህም ሌላ በፋብሪካው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው እነዚያን ጥቃቅን ክፍሎች ሲለቅሙ፣ ሲቆጥሩና ሲያሽጉ ከኖሩት እጆች ብዙዎቹ የሴት እጆች ነበሩ። እንግዲህ ነገሩ የእኛም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እያስታወስን መንገዳችንን እንጀምር።

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በባቡር ብትሳፈሩ ማርጌት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይፈጅባችኋል። ባቡሩ የኬንትን አውራጃ እያቋረጠ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ እርሻውን እየተወ ወደ ጠረፉ ይጠጋል። ማርጌት ከመድረሳችሁ አስቀድሞ ኸርን ቤይ በምትባል ትንሽ ከተማ ያልፋል። እዚያ ለአፍታ ወረድ ብላችሁ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ብትሄዱ በ2016 የቆመ የነሐስ ሐውልት ታገኛላችሁ። የአንዲት አብራሪ ሴት ሐውልት ነው፤ ኤሚ ጆንሰን ትባላለች። በ1930 ብቻዋን ከእንግሊዝ ተነሥታ በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን አውስትራሊያ የገባች ናት። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ከፋብሪካ የወጡ አውሮፕላኖችን ወደየምድባቸው ከሚያደርሱት አብራሪዎች ጋር ተሰለፈች። በዚህ ሥራ በጠቅላላው 168 ሴቶች አገልግለዋል፤ ከ1943 ጀምሮም ከወንዶቹ እኩል ይከፈላቸው ነበር። ይህ በዚያ ዘመን በማንኛውም አገር ቢሆን ብርቅ ነው። ኤሚ ግን ያን ቀን ለማየት አልታደለችም። ጥር 5 ቀን 1941 የምታበረው አውሮፕላን ከኸርን ቤይ ማዶ ከቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ወደቀ። ልታድናት ከቀረበችው መርከብ አዛዡ ራሱ ወደ በረዶው ባሕር ዘሎ ገባ፤ እርሱም በዚያው ሞተ። የእርሷ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህን በመንገዳችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሻንጉሊት አውሮፕላን ሣጥኖች ላይ የተሣሉትን ሥዕሎች ብትቃኙ ከመስተዋቱ ውስጥ የምታዩት ፊት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የወንድ ፊት ነው። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ግን ሴቶችም ነበሩ።

ማርጌት ጣቢያ ስትወርዱ ባሕሩ ከፊታችሁ ነው። ሰፊ ቢጫ አሸዋ፣ በስተግራ ወደ ውኃው የገባ ድንጋይ፣ በስተቀኝ የድሮ ሆቴሎች ረድፍ። ከጥቂት ርምጃ በኋላ ድሪምላንድ የተባለው የመዝናኛ ቦታ አለ፤ ከ1920 ጀምሮ በዚህ ስም ይታወቃል። ከወደቡ አጠገብ ደግሞ በ2011 የተከፈተ ትልቅ የሥዕል ቤት አለ፤ በስሙ የተሰየመው ሠዓሊው ተርነር ነው፤ ይህ ሰው የዚህን ጠረፍ ሰማይ እጅግ ይወድ ነበር ይባላል። በበጋ የለንደን ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ ይጎርፍባታል። በክረምት ግን ነፋሱ ብቻ ነው። የሆቴሉ መስኮት ይዘጋል፤ የአይስ ክሬሙ ሱቅ ይቆለፋል፤ አንሶላ ስታጥብና አልጋ ስታነጥፍ የከረመች ሴት እስከሚመጣው በጋ ድረስ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። የወቅት ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ መካከል በቡና ለቀማና በማበጠር የሠራችሁ ሳይነገራችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1954 ከከተማይቱ ዳር የአሻንጉሊት ባቡር ፋብሪካ ሲከፈት ትልቅ ነገር የሆነው ስለዚህ ነበር። አሻንጉሊት የሚሸጠው ለገና ነው። ለገና እንዲደርስ ደግሞ በመጸውና በበልግ ሌት ተቀን መሠራት አለበት፤ ይኸውም ሆቴሎቹ ሲዘጉ ማለት ነው። ባሕሩ በነሣት ወቅት ፋብሪካው ለማርጌት ሴት ይሰጣት ነበር። ከ1972 ጀምሮ ያ ፋብሪካ ሆርንቢ በሚል ስም ታወቀ። ስሙ የመጣው ከሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ነው፤ ለልጆች በብሎንና በብረት ዘንግ የሚገጣጠመውን ሜካኖን በ1901 ያስመዘገበ ሰው ነው።

ኤርፊክስ ግን የተወለደው ማርጌት ውስጥ አይደለም። ትውልዱ ለንደን ነው፤ አባቱም ስደተኛ ነው። ኒኮላስ ኮቭ የተባለ የሃንጋሪ ይሁዲ በ1939 ድርጅቱን መሠረተ። በመጀመሪያ የሚሠራው በአየር የሚነፋ የላስቲክ አሻንጉሊት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፕላስቲክ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚገፋ መኪና ገዛና ማበጠሪያ መሥራት ያዘ። አዎን፣ የፀጉር ማበጠሪያ! በብዙ እንግሊዛዊት ቦርሳ ውስጥ የኤርፊክስ ማበጠሪያ ገብቶ ነበር። አውሮፕላኑ የመጣው ከማበጠሪያው በኋላ ነው።

በ1949 አንድ የትራክተር ኩባንያ ለሻጮቹ የሚታደል ትንሽ ትራክተር አሠራው። ክፍሎቹን ገጣጥሞ ማስረከቡ አድካሚ ሆነና ገዢው ራሱ ይገጣጥመው የሚለው ሐሳብ ከዚያ በቀለ። በ1952 አንዲት የድሮ መርከብ ተሠርታ በዉልዎርዝ መደብሮች በ2 ሽልንግ ቀረበች። መደብሩ ከ2 ሽልንግ በላይ አልከፍልም ስላለ ድርጅቱ ሣጥኑን ትቶ ክፍሎቹን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ በላዩ ወረቀት አጠፈበት። አንድ ፓውንድ በዚያን ጊዜ 20 ሽልንግ ነበርና 2 ሽልንግ የፓውንድ አንድ አሥረኛ ነው። የሠራተኛ ልጅ ከኪስ ገንዘቡ አጠራቅሞ የሚደርስበት ዋጋ ነው ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ስፒትፋየር የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ተከተለ። ከዚያ በኋላ ባለው ሃያ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኤርፊክስ አውሮፕላን በክር አስሮ ከመኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያላንጠለጠለ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን አሻንጉሊት ሲያተርፍ የሚስቀው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ሲከስርም የሚያለቅሰው ልጁ አይደለም። ኤርፊክስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሜካኖን ድርጅት ገዝቶ ነበር። በኅዳር 1979 የሊቨርፑሉን የሜካኖ ፋብሪካ በድንገት ዘጋው። በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ከነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች፣ የገና በዓል አንድ ወር ሲቀረው ከሥራ ውጡ ተባሉ። እነርሱ ግን አልወጡም። ፋብሪካውን ይዘው ለወራት ከውስጡ ተቀመጡ። በመጨረሻ አላዳነውም። ኤርፊክስም ራሱ በ1981 ከሰረ። ሞልዶቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ፤ በ1986 የሐል ከተማው ቀለም ሠሪ ሃምብሮል ገዛው፤ በ2006 ሃምብሮልም ወደቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ሆርንቢ ሁለቱንም በ2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛና የኤርፊክስ ስም ወደ ማርጌት ገባ።

ስሙ ገባ እንጂ ሥራው ሙሉ በሙሉ አልገባም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ የማርጌቱ ፋብሪካ የማምረቱን ሥራ ወደ ቻይና አሳልፎ ጨርሶ ነበር። መኪናዎቹ ጸጥ አሉ፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ተነሡ። በክረምት ወራት ባቡር ስትገጣጥም የነበረችው ሴት ዌስትዉድ ላይ በ2005 ከተከፈተው ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ዕቃ ሻጭ ለመሆን ተፎካከረች። አንዳንድ ሰዎች ይህን “የዘመኑ አሠራር” ብለው ያልፉታል። እኛ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ እጁ ሲሄድ የቀረው ራሱ ነው፤ ማለትም ዕቅዱ። ምን ይሠራ፣ በምን ልክ ይሠራ፣ መቼ ይውጣ የሚለው። ከጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚወሰነው ይህ ነገር በቻይናና በሕንድ ስንት የሰው እጅ እንደሚያሠራ፣ ወይም ሥራ እንደሚያሳጣ፣ የሚወስነው ነው። እንግዲህ ወደ ዕቅዱ እንግባ።

ኤርፊክስ የዓመቱን ዝርዝር ለሕዝብ የሚያሳውቀው በያመቱ ጥር ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ እንደ ሠርግ ልብስ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ቀኑ ሲደርስ ስንት አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው “የእኔ አውሮፕላን ወጣ ወይስ አልወጣ?” እያሉ ይጠብቃሉ። ነገር ግን በጥር የሚነገረው ዕቅድ በጥር የታሰበ አይደለም። አንድ አዲስ አውሮፕላን ከሐሳቡ እስከ ሱቁ መደርደሪያ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ይወስዳል። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት ሲነገር የዕቅድ ሰዎቹ የሚያስቡት ስለ ከርሞውና ስለ ከርሞ በስቲያው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዓይነቱ ይመረጣል። ምርጫው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አንድ የብረት ሞልድ ለማስቆረጥ የሚወጣው ወጪ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነው፤ ሣጥኑ ሳይሸጥ ቢቀር ወጪው አይመለስም። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ ይታያል፤ የትኛው ታሪክ ስንተኛ ዓመቱን ይደፍናል ይባላል። በ1943 የጀርመንን ግድቦች የደበደበው ትልቁ ላንካስተር 70ኛ ዓመቱ ሲደርስ በ2013 አዲስ ሞልድ የወጣለት በዚህ ዓይነት ነው። ቀጥሎ እውነተኛው አውሮፕላን ይፈለጋል። ከማርጌት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ማንስተን የሚባል የድሮ አየር ማረፊያ አለ፤ ከዚያ በሚገኘው ሙዚየም አንድ እውነተኛ ስፒትፋየርና አንድ እውነተኛ ሃሪኬን ቆመዋል፤ ሄዳችሁ ብታዩ አይቆጫችሁም። በጥንቱ ጊዜ ሠራተኛው ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዞ እየተንጠላጠለ ይለካ ነበር። ዛሬ በብርሃን ጨረር የሚለካ መሣሪያ አለ፤ የአውሮፕላኑን ገላ ምስማር በምስማር ያነብበዋል። ከዚያም በኮምፒውተር ይነደፋል።

የልኩ ነገር ደስ የሚል ነው። አብዛኛዎቹ ትናንሾቹ የሚሠሩት በ72 እጅ አንሰው ነው። ለምን 72 ቢባል በእንግሊዝ አለካክ ባለ ስድስት ጫማ ሰው በዚህ ስሌት ልክ አንድ ኢንች ይሆናልና ነው። 11 ሜትር ከ23 ሳንቲሜትር ክንፍ ያለው ስፒትፋየር ከ16 ሳንቲሜትር ትንሽ ያነሰ ይሆናል፤ በመዳፋችሁ ላይ ያርፋል።

ንድፉ ካለቀ ሞልዱ ከብረት ይቆረጣል፤ የመጀመሪያው ሙከራ በፕላስቲክ ይወጣል፤ ሰዎቹ ገጣጥመው ያዩታል። ክንፉ ከገላው ጋር ካልተገናኘ ወደ ኋላ ይመለሳል። በውኃ እየረጠበ የሚለጠፈው ምልክትና ቁጥር ጣሊያን አገር ይታተማል። መጽሐፉ፣ ሣጥኑ፣ ሥዕሉ፣ ሁሉም ከየቦታው ተሰብስቦ በመርከብ ይጫናል። ጥር ላይ የተነገረው ዕቅድ ብዙ ጊዜ ሰኔ ሲባል መስከረም፣ መስከረም ሲባል ለከርሞ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 2021 አንዲት መርከብ የስዌዝን ቦይ ዘግታ ስትቆም የአውሮፓ ሱቆች ዕቃ ጠብቀዋል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ደግሞ ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው በደቡቡ ጫፍ ሄደዋል። በእኛ ገበያ የዘይቱንና የልብሱን ዋጋ ያንቀሳቀሰ ነፋስ በማርጌት የአሻንጉሊቱን ሣጥን ዋጋ ያንቀሳቅሳል። በ1952 የፓውንድ አንድ አሥረኛ የነበረው ዛሬ ትንሹ ሣጥን ከነብሩሹና ከነቀለሙ ሲሆን ከአሥር ፓውንድ ወዲያ ነው። በሱቅ ውስጥ ሣጥኑን አንሥታ ዋጋውን አይታ መልሳ የምታስቀምጥ እናት በእንግሊዝም አለች።

ስለ ሞልዱ አንድ ነገር ሳንነግራችሁ አንለፍ። የብረት ሞልድ ቶሎ አያረጅም፤ እንደ አያቶቻችን ምጣድ ነው፤ በደንብ ከተያዘ የልጅ ልጅ ይጋግርበታል። ኤርፊክስ ከስልሳ ዓመት በፊት የተቆረጡ ሞልዶችን እየወለወለ ዛሬም ያወጣል፤ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ የእነዚህ ድርሻ ቀላል አይደለም። ሞልድ የሸጠ ዕውቀቱን ሸጠ። ፍሮግ የሚባል ሌላ የእንግሊዝ ስም ነበር፤ በ1936 ከማንም ቀድሞ የፕላስቲክ አውሮፕላን ያወጣ ነው። በ1970ዎቹ ሥራው ሲቆም ሞልዶቹ ወደ ሶቭየት ኅብረት ተሸጡ። ሶቭየቶቹ ግን የናዚን አውሮፕላኖች ሞልድ አንነካም አሉ። እነዚያ ተለይተው ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱ ይባላል። ለአሻንጉሊት እንዲህ ያለ ነገር ተደረገ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሰው ያለቀበት አገር ልጆቹ በምን እንዲጫወቱ እንደሚፈቅድ ማሰቡ አይገርመንም።

ይህ ደግሞ ወደ እናት ጥያቄ ያመጣናል። ከዝርዝሩ የሚበዛው የጦር አውሮፕላን ነው። ለልጅ የጦር መሣሪያ ማስታቀፍ ተገቢ ነውን? እኛ አገር ከአውሮፕላን ምን እንደወረደ የሚያውቁ ሰዎች አሳድገውናል። በ1935 እና በ1936 የፋሽስት አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ሲረጩ እንደ ዝናብ የወረደባቸው ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው ማየት ያስፈራቸው ነበር። የሣጥኑ ሥዕል ይህን አይናገርም። ከ1964 ጀምሮ የኤርፊክስን ሣጥኖች ይሥል የነበረው፣ በ2024 መቶ ዓመት ሞልቶት ያረፈው ሮይ ክሮስ እጁ የተባረከ ሠዓሊ ነበር። ሰማዩ፣ ደመናው፣ ጭሱ ሁሉ ልብ ይሰርቃል። ቆየት ብሎ ከሥዕሎቹ ላይ ቦምቡና እሳቱ በቀለም እንዲሸፈን ተደረገ። እውነቱን ለመናገር ይህ እኛን አላረካንም። እሳቱን ማጥፋት አውሮፕላኑ ለምን እንደተሠራ መደበቅ ነው። ለልጁ አውሮፕላኑን ከሰጡት ታሪኩንም መስጠት ይሻላል።

ለምሳሌ ግላዲየተር የሚባለው ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን በኤርፊክስ ዝርዝር ውስጥ ወጥቷል። ይህ አውሮፕላንና ሃሪኬን በ1940 እና በ1941 የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ይዘዋቸው በእኛ ሰማይ ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል፤ ግላዲየተር በጎንደር ዙሪያ እስከ መጨረሻው ነበረበት። የሣጥኑ ወረቀት ይህን ይንገር አይንገር፣ አጠገቡ የተቀመጠች እናት ልትነግረው ትችላለች። ልጅ እጁ ሥራ ሲይዝ ጆሮው ክፍት ነው።

የዕቅድ ሰዎቹ ከዚህ የከበደ ሌላ ጭንቀት አለባቸው። የሚገዛቸው ማነው? በ2 ሽልንግ ዘመን ልጅ የነበረው ዛሬ አያት ሆኗል፤ ከገዢው ብዙውም እርሱ ነው። እርሱ የሚፈልገው ትልቁንና ውስብስቡን ነው። በ1970 ወጥቶ የነበረው በ24 እጅ ብቻ ያነሰ ትልቅ ስፒትፋየር በ2022 በአዲስ ሞልድና በሌላ ዓይነቱ የወጣው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ልጁ ግን ስልክ ይዟል። ለልጁ ተብሎ ያለ ማጣበቂያና ያለ ቀለም እንደ ጡብ የሚጋጠም ዓይነት ተሠራ። በዚህ ዓመት ለአያቱ ስንት፣ ለልጁ ስንት የሚለው የዕቅዱ ዋና ሚዛን ነው። በእኛ አስተያየት ለአያቱ አብልጦ ያደላ ድርጅት ለጊዜው ያተርፋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሣጥኑን ማን ይከፍተዋል? ደግነቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሣጥኖቹ አንዳንዶቹ እንደገና በእንግሊዝ አገር ውስጥ መመረት ጀምረዋል። ትልቁ ስፒትፋየርም ከነዚህ አንዱ ነው። ለማርጌት ሴቶች የክረምት ሥራ የሚመልስ ያህል አይደለም፤ ግን መርከብ የማይጠብቅ ሣጥን ነው።

ከውጭ ዘመድ ሲመጣ እንዲህ ያለ ሣጥን ይዞ ይመጣ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥቂት ነገር እወቁ። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን እያሟሟ የሚያያይዝ ስለሆነ ሽታው ራስ ያዞራል፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቆ ይሠራ። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባለ ማጣበቂያውን አትስጡ። ክፍሎቹን ከያዛቸው የፕላስቲክ ፍሬም ላይ በእጅ ጠምዝዞ መገንጠል ጠርዙን ይቦጭቀዋል፤ በጥፍር መቁረጫ ይቆረጥ፤ የቀረውን እንጭጭ የጥፍር ሞረድ ያስተካክለዋል። ጥቃቅኑን ለመያዝ ወረንጦ ይበቃል። ክንፉ እስኪደርቅ ድረስ በልብስ መቆንጠጫ ይያዝ። ማጣበቂያውን ከቱቦው በቀጥታ አያፍስሰው፤ በስንጥር ጫፍ ጠብ ያድርገው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፍ፤ ያነበባችሁት የእኛም ጋዜጣ ይሆናል፤ አንቀየምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንሽ ወንድም ወይም እኅት ካለ ወለሉ ይጠረግ፤ አንዲት ጎማ የሽንብራ ፍሬ አታህልም፣ አፍ ውስጥ ትገባለች።

ሣጥኑን የሚያመጣ ዘመድ ለሌላችሁም ቅር አይበላችሁ። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና፣ ከበቆሎ አገዳ ቤት የሚሠራ የሰፈር ልጅ ያለ ሞልድና ያለ ዕቅድ እውነተኛውን ነገር አሳንሶ ይሠራል፤ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ይሽከረከራል። የማርጌት ሰዎች በብርሃን ጨረር የሚለኩትን እርሱ በዓይኑ ለክቶታል።

ከዝርዝሩ አንዱን ምረጡ ብንባል ግን የምንመርጠውን እናውቃለን። ኤርፊክስ በ2014 በአዲስ ሞልድ ያወጣው ዳኮታ ነው፤ በሌላ ስሙ ሲ 47፣ የመንገደኛው ወንድሙ ዲሲ 3 የሚባለው። ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር፤ የተነሣውም ከልደታ ሜዳ ነው። ክንፉ 29 ሜትር ያህል ነው፤ በ72 ስታካፍሉት 40 ሳንቲሜትር ይመጣል። ምጣድ ላይ ቢቀመጥ ዙሪያው ይተርፋል። ከጦርነቱ በፊት መብረር የተማረችው ሙሉእመቤት እምሩ፣ በ2010 ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉ፣ በኅዳር 2015 አንድም ወንድ ሳይኖርባቸው አውሮፕላኑን አዲስ አበባ አንሥተው ባንኮክ ያሳረፉት ሴቶች፣ ሁሉም ከዚያች ዳኮታ ወዲህና ወዲያ ያሉ ናቸው፤ ልጃገረዲቱ ክንፉን ስታጣብቅ ስማቸውን ብትሰማ አይከፋም።

ከሣጥኑ የሚወጡት ምልክቶች የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ምልክቶች ናቸው፤ የእኛው የለበትም። ስለዚህ እነርሱን ትታ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን በብሩሽ መቀባት ሊኖርባት ነው። ቢጫውን ታስቀድም፤ በአረንጓዴ ላይ የተቀባ ቢጫ አይጠራም። በደንብ እስኪደርቅም አንድ ሌሊት ይደር።